ወገቤ ላይ የተለጠፈው ነብር

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ፣ በዘጠናዎቹ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሌክ ሲቲ ውስጥ አበሻ በጣት ነበር የሚቆጠረው። እና እኔ ኖርዝጌት አካባቢ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፤ አንሶላ ስጎትት፣ ፍራሽ ሳነሳ ወገቤ አለቀ። ታዲያ አብራኝ የምትሠራ ሴት "ዘይነባ፣ የባህል መድኃኒት ሱቅ ፕላስተር አለ፣ የነብር አጥንት አለበት፣ ለጥፊው" አለችኝ። ለጠፍኩት።

ታዲያ አንድ ቀን ልጄ ሰሚራ፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፣ ከስኩል ወረቀት ይዛ መጣች።

"ማሚ፣ ሳይን አድርጊልኝ። ታይገር እያለቀ ነው፣ ሰው እየገደለው። እንዳይገድሉት ፊርማ እየሰበሰብን ነው።"

"ታይገር ደግሞ ምንድን ነው?"

"ነብር!" አለች። አባቷ ነው እንዲያ ያላት፤ ሌላ ቃል ከየት ያምጣ?

"የአባቴን ፍየሎች የጨረሰው ነብር? እሰይ! ይለቅ!" አልኳት። ወላሂ፣ ምነው አፌን በቆረጠው! ልጅቷ ወረቀቷን አቅፋ "ማም፣ ኢትስ ኖት ፈኒ፣ አያስቅም!" ብላ በሩን ድርግም። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፣ ይታያችኋል? ምግብ ስሰጣት "ኖ ታንክ ዩ"፣ ስጠራት ፊቷን ማዞር። ነደደኝ! ለአንድ አውሬ ብላ እናቷን!

በአራተኛው ቀን ወገቤ ሲብስብኝ "ኦኬ፣ ኩርፊያሽን ተዪና ይሄን ለጥፊልኝ" አልኳት። የፕላስተሩ ካርቶን ላይ ያለውን ሥዕል አየችና ቀጥ አለች።

"ማሚ! ታይገር እኮ ይሄ ነው!"

ባየው ቢጫ፣ ጥቁር መስመር መስመር ያለው፣ ግዙፍ አውሬ! "ይሄማ ነብር አይደለም፣ ነብር ዥንጉርጉር ነው፣ ነጠብጣብ አለው" ብላት፣

"ዋትኤቨር፣ የፈለገው ይሁን! ለአጥንቱ ነው የሚገድሉት፣ አንቺ ደግሞ ለጥፈሽዋል!" ብላ አለቀሰች።

እንግዲህ አስቡት፣ የተጣላነው በማላውቀው አውሬ፣ እና የማላውቀው አውሬ ወገቤ ላይ! አፈርኩ። ቀድሞ ወገቤ ላይ የተለጠፈውንም ፕላስተር "አንሺልኝ" አልኳት፤ ቆዳዬን ይዞ ተነሣ፣ አልጮህኩም። ካርቶኑን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩና "አምጪ ወረቀትሽን" አልኳት። ሳይን አደረግኩ። ያኔ ነው አንገቴ ላይ የተጠመጠመችው።

"ታዲያ እማማ ዘይነባ፣ ወገብዎስ?" አለች ከሰሚዎቹ አንዷ።

"ወገቤማ ይኸው እስከ ዛሬ ያመኛል!"

"ውይ፣ ባይጥሉት ይሻል ነበር!" ብላ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል? ተለጥፎም ያመኝ ነበር እኮ! የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ያን የሚያህል አውሬ ለማይረባ ነገር ሲያልቅ!"