ነጩን ግድግዳ ቢጫ ያደረገው ክኒን

አጎቴን ያገኘኋቸው ከሰፈራችን ሦስት ፌርማታ ርቆ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። እኔ የተቆረጠ አውራ ጣቴን የማሽግበት ፕላስተር ልገዛ ነበር የገባሁት። እሳቸው ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ባንኮኒው ላይ ተደፍተዋል። ሲያዩኝ «ሳል ይዞኝ ነው» አሉ። ከዚያ ትዝ ሲላቸው ሳሉ።

አጎቴ ቀለም ቀቢ ናቸው፤ እኔንም ብሩሽ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ትናንት ግን ጉድ ሠርተዋል። የአንዲት አስተማሪ ሳሎን ነጭ ስንቀባ፣ ነጩ ሰማያዊ ገብቶበታል ብለው ቢጫ ጠብ አደረጉበት። አልጠፋ ሲላቸው ደገሙ። ሴትዮዋ ስትመጣ ግድግዳዋ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ዓይናቸው ሊጠፋ ነው ብዬ ሳስብ ነው ያደርኩት።

ፋርማሲስቷ የኔ እኩያ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። አጎቴ «ለወንድነት» የሚወሰደውን ክኒን ለጓደኛዬ ነው ብለው ጠይቀዋት ኖሯል።

«ጓደኛዎ ወስደውት ያውቃሉ? ራስ ምታት፣ የፊት መጋል፣ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ መታየት አጋጥሟቸዋል?»

ሰማያዊ ስትል የአስተማሪዋ ሳሎን መጣብኝ።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

«ምንም። ጤነኛ ነው፣ እንደ ኮርማ።»

ኮርማው በሸሚዛቸው ኪስ ትንሽ ጠርሙስ ይዘው እንደሚዞሩ አውቃለሁ። ደፈርኩ።

«ጋሼ፣ ጓደኛዎ ደረቱን ሲወጋው ምላሱ ሥር የሚያደርጋት የልብ ክኒንስ?»

ልጅቷ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ መልሳ ዘጋችበት። «ሁለቱ ከተገናኙ የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል። ወድቀው ላይነሱ ይችላሉ። ጓደኛዎን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው።»

ውጪ ስንወጣ ይሰድቡኛል ስል የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ ቁጭ አሉ። ቀስ በቀስ አወጡት። ግንበኛ ጓደኛቸው ከራሱ ቆርጦ ሁለት ፍሬ ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያውን ሲውጡ ፊታቸው ፍም መሰለ፣ አፍንጫቸው ተደፈነ። አክስቴ ትኩሳት መስሏት እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ ጫነችና በዚያው ቀረ። ሁለተኛውን ትናንት ጠዋት ዋጡ፤ አክስቴን ጎረቤት ጠርታ ወሰደቻት፣ እሳቸውም ከነክኒናቸው ሥራ መጡ።

«ታዲያ ይሄን ሐኪም ፊት ላውራ? ሐኪሙ እኮ ያንተ ቢጤ ውርጋጥ ነው የሚሆነው። ከዚህ ሞት ይሻላል።»

«ሞቱንማ በኪስዎ ይዘውት እየዞሩ።»

«አፍህን ዝጋ።»

«ጋሼ፣ ግድግዳ እየተላጠ ሲያስቸግር ምን ብለው ነው ያስተማሩኝ? ላዩን አትቀባ፣ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ፈልግ አላሉኝም? ታዲያ ራስዎን ምነው ላይ ላዩን ይቀባሉ?»

ጥፍራቸው ሥር የደረቀውን ቢጫ መፋቅ ያዙ።

«ከአክስትህ ጋር እንደ ተከራይ መኖር ከብዶኝ ነው» አሉ። «የሰለቸኋት መሰለኝ።»

«ጠይቀዋታል?»

አልጠየቋትም።

ሐኪሙ እንደፈሩት ልጅ እግር ሆነ። ግን አልሳቀም፤ ደማቸውን አስመረመረና ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ አገኘው። የደም ቧንቧቸውን ከውስጥ ሲበላ የኖረው እሱ ነበር፤ የደረቱም የአልጋውም ነገር ምንጩ አንድ ነው አላቸው። ያንን ክኒን ከምላስ ሥሯ ክኒን ጋር መውሰድን እንዳያስቡት፣ ለልባቸው የሚስማማ ሌላ መላ ግን እንዳለ ነገራቸው። አክስቴም ጉዱን ስትሰማ ሳቀች፤ ለካ ሌላ ሴት የያዙ መስሏት ስትብሰለሰል ከርማለች።

እንግዲህ ሐፍረቱን የተወ ሰው ምን እንዳተረፈ ይኸው። አጎቴ ስኳራቸው ወርዷል፣ ደረታቸው እፎይ ብሏል፣ ማታ ማታ ከአክስቴ ጋር የእግር ጉዞ ይወጣሉ። የቀረውን እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ ጠዋት ጠዋት እያፏጩ ይቀባሉ። የአስተማሪዋንም ሳሎን በነጭ ደግመንላታል።

ባለፈው ሳምንት ያ ግንበኛ ሥራ ቦታችን መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ አፍንጫው ተደፍኗል። ጉንፋን ነው አለ። አጎቴ ገና የቀቡትን ነጭ ግድግዳ በብሩሻቸው አሳዩት።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?»

ግንበኛው ዓይኑን አጥብቦ ማሰብ ጀመረ። አጎቴ መልሱን አልጠበቁም፤ ኮታቸውን አነሱ።

«ተነስ፣ እኔው አደርስሃለሁ። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ግን አይስቅም።»