ለቤት ሲባል የሚጻፍ ፍች

ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ነው፤ የከተማ ቤት አዋጅ በሬዲዮ ከተነገረ ሦስተኛ ሳምንቱ። ከወፍጮ ቤት ዱቄቴን ተሸክሜ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከማመልከቻ ጸሐፊው ከባዬ ዳስ ሥር ገባሁ። ባሌ ሙዘይን እዚያው ተቀምጦ ያስጽፋል። ሲያየኝ ደነገጠ።

«ምን ታስጽፋለህ?»

«የቤት ጉዳይ ነው። አንቺ ሂጂ፣ ዱቄቱ ይርሳል።»

ፊደል የቆጠርሁት በዚያው ዓመት ከዕድገት በኅብረት ዘማቾች ነው። ወረቀቱን ከባዬ እጅ ወስጄ ቀስ ብዬ አነበብሁት። «ሚስቴን ኑርሀያትን ስለ ፈታሁ» ይላል።

«ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ ፍቼን ከባዬ ልስማ?»

«ለይስሙላ ነው እኮ! አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብሏል። እኛ ሦስት አለን። ከተፋታን ሁለት ቤተሰብ ሆንን ማለት ነው፤ የምንኖርበት የሐይቁ ዳር ላንቺ፣ የምናከራየው የመንገዱ ዳር ለእኔ፤ ሦስተኛው ይሂድ። ነገሩ ሲበርድ እንታረቃለን። ጎረቤታችን ሐሰን ሚስቱን ስህንን ፈትቶ ሁለቱንም አስመዝግቧል። ሞኝ የሆንነው እኛ ነን።»

«ማከራየት ተከልክሏል። ባዶ ቤት ታቅፈህ ልትቀመጥ ነው?»

«ይህም መንግሥት ይሄዳል።»

ባዬ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ ሙዘይን፣ ይህን እኔ አልሰማሁም።»

«እንግዲያው እኔን ስማኝ» አልሁት ሙዘይንን። «በተጋባን በሦስተኛው ዓመት በንዴት ፈታኸኝ፤ ሽማግሌ መለሰን። በድርቁ ጊዜ፣ ልጃችንን በቀበርን ሳምንት ደግመህ ፈታኸኝ፤ የሦስት ወር ኢዳዬ ሳይወጣ መለስኸኝ። ይህ ሦስተኛው ነው። ሌላ አግብቼ እሱ ካልፈታኝ በቀር ላንተ ሐራም ነኝ። በቀልድም ቢባል ጦላቅ ጦላቅ፣ ፍችም ፍች መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።»

«ወረቀት ነው እንጂ በአፌ አላልሁም!»

«ታዲያ በአፍህ በለው። ባዬ ምስክር ይሁን። ቤቴን ተቀብዬ ዛሬውኑ ወንድሞቼ ዘንድ ውጫሌ እሄዳለሁ። በላ!»

ዱቄቱን አውርጄ ቆምሁ። አፉን ከፈተ። መልሶም ዘጋው። ዝናቡ የዳሱን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«የቱን እናስመዝግብ ታዲያ?» አለ በመጨረሻ።

«የምንኖርበትን ነዋ! መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ የውኃ ጉድጓዱም ግቢያችን ውስጥ ነው። የመንገድ ዳሩን ኪራይ ስላመጣልህ ወደድኸው እንጂ መረሬ ጥቁር አፈር ላይ ቆሞ በየክረምቱ ይሰነጠቃል። ለተከራዮቹም ኪራዩን ለመንግሥት እየከፈሉ እንደሚኖሩ ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ሜዳ ላይ ተጣልን ብለው አይሸበሩ።»

«የተጻፈውስ?» አለ ባዬ።

ሙዘይን ተቀብሎ ራሱ ቀደደው።

ሁለቱን ቤቶች አስረከብን። የቤቶቹን ወራጅ እንጨት ከአምባሰል በአህያ ያመጣው እሱ ነበር፤ ቁልፉን በሰጠ ቀን እህል አልቀመሰም። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

በኅዳር የስህን ኢዳ፣ ከፍች በኋላ የምትቆይበት ጊዜ፣ አለቀና ወንድሞቿ ከነቤቷ ለሌላ ዳሯት። ሐሰን አደባባይ ወጥቶ «ፍቹ የውሸት ነበር፣ ሚስቴን መልሱልኝ!» እያለ ጮኸ። ቀበሌዎቹም ሰሙት። በውሸት አስመዘገብህ ብለው የቀረውን ቤት ወሰዱበት፤ እሱንም አሰሩት። ከእስር ሲፈታ፣ ራሱ ባቆመው ቤት አንዲት ክፍል ከቀበሌ ተከራይቶ ገባ። ስህን በበሩ ስታልፍ ወደ ውስጥ ይዞራል።

ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ የተማርሁ ሆኜ አይደለም የምመክራችሁ። የምትይዙትን ቤት በኪራዩ ሳይሆን በመሠረቱና በውኃው ምረጡት። እውነቱን አስመዝግቡ፤ የተመዘገበበትንም ወረቀት በእጃችሁ ያዙ። ቤታችሁን በሌላ ሰው ስም አታድርጉ፤ የተጻፈለት ሰው ባለቤት ነው። ለቤት ብላችሁ ደግሞ ትዳር አትፍቱ። እኛ አንዲት ቤት ቀረችን፤ ማንም በሯን ቢያንኳኳ አንደነግጥም፤ የምንጣላባትም የምንታረቅባትም እሷው ናት።

ሙዘይን ዛሬም ሲቆጣ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ሁለቱን ቤት ወስደውበታል። ያችን ሦስተኛዋን የፍች ቃል ግን እስከ ዛሬ ይዟታል።