ከአሥር የሚጀምር ሜትር

ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር፤ ዓርብ ረፋድ ላይ። ጡረታ የወጡት መምህር ጓንጉል ጓሮ ካለችው የእንጨት መሥሪያ ክፍላቸው ገብተው በሩን ከውስጥ ቆልፈዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ከውጭ ቆመው ቆርቆሮውን ይደበድባሉ።

አሰገደች፦ ክፈት አልኩህ! በሩን ልስበረው?

ጓንጉል፦ ሥራ ላይ ነኝ። ሂጂ፣ ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች አናግሪ።

አሰገደች፦ የምን ሥራ ነው ድምፅ የሌለው? መጋዝህ ከቆመ ሰዓት ሊሞላው ነው። ስትልግ እሰማለሁ፣ ስትመታ እሰማለሁ፣ ስትሳደብም እሰማለሁ። ዛሬ ምንም የለም።

ጓንጉል፦ እያሰብኩ ነው።

አሰገደች፦ በር ቆልፈህ?

ጓንጉል፦ ስሚኝማ አሰጉ። ገበያ ሰው ላኪና የሙሽራ ሳጥን ይገዛ። የብረትም ይሁን፣ ያገኙትን ያምጡ።

አሰገደች፦ ምን አልክ?

ጓንጉል፦ ሰምተሽኛል።

አሰገደች፦ ለመክሊት? ለሁለቱ እህቶቿ በእጅህ ሠርተህ ስትድር፣ ለመጨረሻዋ ከገበያ? ሠርጓ ከነገ ወዲያ ነው እኮ! "የእኔ ሳጥን ከደጃችን ዋንዛ ነው" እያለች ለሚዜዎቿ ስታወራ ነው የከረመችው። ጓንጉል... እጅህን ቆረጥክ እንዴ?

ጓንጉል፦ እጄን በቆረጠኝ ይሻል ነበር።

አሰገደች፦ ክፈት!

ጓንጉል፦ ይኸው፣ ተከፈተ። ግቢና እዪው።

አሰገደች፦ ምኑን ነው የማየው? ጣውላ ነው።

ጓንጉል፦ ክዳኑ ነው። አንሺና ሳጥኑ ላይ አጋድሚው።

አሰገደች፦ ... አጠረ።

ጓንጉል፦ አሥር ሳንቲም። ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ ስንጥር እየከተትኩ፣ እንዳይጣመም እያገላበጥኩ ያደረቅሁት ጣውላ! ዛፉ የለም። ሌላ ጣውላ የለም። አለቀ።

አሰገደች፦ እንዴት ሊያጥር ቻለ?

ጓንጉል፦ ሜትሩ ነዋ። ጫፉ ከተሰበረ ስንት ዓመቱ! ከአሥር ነው የምጀምረው፤ መቶ ሃያ ስፈልግ መቶ ሠላሳ ላይ እቆርጣለሁ። አሥሩን መጨመር ረሳሁ። በቃ።

አሰገደች፦ ረሳህ?

ጓንጉል፦ የድንኳኑ ሰዎች ሲጯጯሁ...

አሰገደች፦ አንተ አሥሩን ረስተህ አታውቅም። እኔ መጋረጃ ስለካ እንኳ ከዚህ ሆነህ "አሥሩን አትርሺ!" ብለህ የምትጮህ ሰው! ልጆቹ አዲስ ሜትር ገዝተው ሲያመጡልህ፣ "አዲሱ ያዘናጋኛል፣ የተሰበረው ያነቃኛል" ብለህ የመለስክ አንተ አይደለህም?

ጓንጉል፦ ሰው ነኝ። እረሳለሁ።

አሰገደች፦ እሺ፣ ይኸው ሜትሩ። ጣቴ ያለበት ስንት ነው?

ጓንጉል፦ ተይኝ እስቲ።

አሰገደች፦ ስንት ነው?

ጓንጉል፦ ... ስልሳ... ስልሳ ስምንት።

አሰገደች፦ ሰማንያ ሦስት ነው።

ጓንጉል፦ መነጽሬን አላደረግሁም።

አሰገደች፦ አድርገኸዋል፣ ጓንጉል።

ጓንጉል፦ አሥሩን አልረሳሁም፣ አሰጉ። መቶ ሃያውን መቶ ሠላሳ ብዬ ነው ያነበብኩት። መልሼ አየሁት፤ አሁንም ሠላሳ አለኝ። ከዚያ ቆረጥኩት።

አሰገደች፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጓንጉል፦ ኮላ ልገዛ ብዬ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ... ሐኪም ቤት ነበር የሄድኩት።

አሰገደች፦ ለአንድ ጣሳ ኮላ አዲስ አበባ ድረስ መሄድህን ያመንኩህ መስሎህ ነበር? ምን አሉህ?

ጓንጉል፦ የዓይን ነርቭ ነው አሉ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን አሉ። ግራው ጠፍቷል። ቀኙ ጭስ የገባበት ቤት ሆኗል።

አሰገደች፦ ይህን ሁሉ ለብቻህ ተሸክመህ ከረምክ።

ጓንጉል፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ቤቱ የሠርግ ሽር ጉድ ላይ ነው። ይቺን ሳጥን ልጨርስና ከዚያ የመጣው ይምጣ አልኩ። ፈራሁ፣ አሰጉ። ክፉኛ ፈራሁ። አርባ ዓመት ጠመኔ ስበላ ውዬ ሰው የምሆነው እዚህ ስገባ ነበር። ከእንግዲህ ምን ልሁን? በረንዳ ላይ ተጎልቼ ሬዲዮ ላዳምጥ? እጄን ይዘሽ ሽንት ቤት ልታደርሺኝ?

አሰገደች፦ ባደርስህስ ምን አለበት?

ጓንጉል፦ ለእኔ አለበት! በይ ያንን መጥረቢያ አቀብዪኝ። ሁሉም ማገዶ ይሁን። ቁልፉንም ውሰጂው። መሮውንም መላጊያውንም ለፈለገው ስጪ፤ ዓይኔ እያየ አይዛግ... ዓይኔስ የት አለና!

አሰገደች፦ ብሎን እያለሰለስኩ ነው እያልክ ሳሙናዬን ስትጨርስ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩህ ዛሬ በመጥረቢያ እንድትፈልጠው ነው? ደረጃውን አይተኸዋል?

ጓንጉል፦ የምን ደረጃ?

አሰገደች፦ የጓሮውን። ጠርዝ ጠርዙን ኖራ የቀባሁትን።

ጓንጉል፦ ለሠርጉ ብለሽ አይደል?

አሰገደች፦ የጓሮ ደረጃ ለሠርግ ማን ይቀባል? ኅዳር ላይ ሁለቴ ስትደናቀፍ አየሁህ። ሻይህን በነጭ ስኒ ብቻ የማቀርበውስ ለጌጥ ነው? ሰው ገና ከበር ሲገባ "ይማም መጣ፣ እትዬ ዘውዲቱ መጡ" እያልኩ የምለፈልፈውስ?

ጓንጉል፦ ... ታውቂ ነበር።

አሰገደች፦ ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ወራት አለፉ። በቁጭት ስቃጠል ነው የከረምኩት። አሁን መጥረቢያውን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ። ሳጥኑ በገመድ የታሰረው ለምንድን ነው?

ጓንጉል፦ ኮላ ስላላየ ነዋ። ክዳኑ ተገጥሞ ሳይታይ ኮላ አይነካም። ስንቴ ነግሬሻለሁ፣ ኮላ ይቅርታ አያውቅም። መጀመሪያ በደረቁ ቆሞ መታየት አለበት።

አሰገደች፦ ስለዚህ ቢፈታ ይፈታል።

ጓንጉል፦ ተፈትቶስ?

አሰገደች፦ ክዳኑ ካጠረ ሳጥኑም ይጠር። ፊቱም ኋላውም ወለሉም አሥር አሥር ሳንቲም ይነሣለት።

ጓንጉል፦ ከእህቶቿ ሊያንስ?

አሰገደች፦ ጋቢ ይታጠፋል።

ጓንጉል፦ ማን ይቁረጠው? በማን ዓይን?

አሰገደች፦ ቆይ እስቲ። ገመዱን ፈታሁት። የፊቱን ጎን አንተ ሁልጊዜ የምትቆርጥበት ቦታ ላይ አስተኝቼ ክዳኑን ደርቤበታለሁ። ሜትርህን አልፈልገውም።

ጓንጉል፦ ምንድን ነው የሚፋቀው?

አሰገደች፦ እያሰመርኩ ነው፣ ዝም በል።

ጓንጉል፦ በከንቱ ነው የምትለፊው። እንኳን የእርሳስ መስመር፣ ጣውላው ራሱ አይታየኝም።

አሰገደች፦ እሺ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ። መጋዙ ይኸው።

ጓንጉል፦ አንቺ? መጋዝ ይዘሽ ታውቂያለሽ?

አሰገደች፦ ዛሬ ያዝኩ። ... ኧረ ይሄ ነገር አልሄድ አለኝ።

ጓንጉል፦ ቆይ፣ ቆይ! ወደ ግራ ሄደሻል!

አሰገደች፦ በምን አየህ?

ጓንጉል፦ ምን ማየት ያስፈልገዋል? ድምፁ ታንቋል፣ አትሰሚም እንዴ? ቀጥ ሲል እንዲህ አያቃስትም። ክርንሽን ከጎንሽ አታርቂ። አትጫኚው! በራሱ ክብደት ይውረድ። ኧረ ይህንንም ልትጨርሺው ነው፣ በእግዜር፣ ወዲህ ስጪኝ!

አሰገደች፦ በል እንካ።

ጓንጉል፦ ... እንዴት አባቴ ነው የማደርገው? መስመሩ የት እንዳለ ሳላውቅ...

አሰገደች፦ እርሳስ አልነካሁም። በቢላዋህ ነው ያሰመርኩት፣ አጥልቄዋለሁ። ጥፍርህን አስገባና ተከተለው።