የቀንድ አውጣው ሳጥንና የብሪና ሳል

የመንደሩ ቄስ ነኝ፤ በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ የቤተ ክርስቲያናችንን በር ከፍቼ ስመለስ፣ ከወይኑ ማሳ ጥግ ላይ ከሽማግሌው ሰኮንዶ ጋር ተገናኘን። በዚህ በሰሜን ጣሊያን በላንጌ ኮረብታ፣ ከዛፍ ሥር መሬት ውስጥ የሚበቅለውን ውድ እንጉዳይ በውሻ አፍንጫ እየፈለጉ ያረጁ ሰው ናቸው። ክንዳቸው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ቅርጫት አንጠልጥለዋል።

«ለውሻ ይጸለያል እንዴ?» አሉኝ፣ ከሰላምታው በፊት።

«የፈጠራት እኛን የፈጠረ ነው፤ ይጸለያል። ብሪና ምን ሆነችብዎ?»

«ታስላለች። ትናንት እሾህ ወግቷት ደሟ እስከ ማታ አልቆመም። በሽታውን ያስያዘቻት ያቺ ከታች ሸለቆው ውስጥ የምትኖረው ቀበሮ ናት። መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ስታስል አይቻታለሁ፤ ሰው አይታ እንኳ አልሸሸችም።» ጨርቁን ገለጥ ቢያደርጉት የተድቦለቦለ ሥጋ አየሁ። «መርዝ አለው። ዛሬ የቀበሮ ጉድጓዶቹን ሁሉ አዳርሳለሁ።»

በዚህ መሃል የእህታቸው ልጅ ዴልፊና በብስክሌት ደረሰች። ቶሪኖ ከተማ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። ባለፈው እሑድ የብሪናን እዳሪ በብልቃጥ ይዛ ስትሄድ፣ «ወርቅ መስሏት ነው» ብለው ስቀውባት ነበር።

«አጎቴ፣ ውጤቱ ወጣ። ብሪናን የሳንባ ትል ይዟታል።»

«አላልሁም? ከቀበሮዋ ነው።»

«ከቀበሮዋስ መጥቶ ይሆናል፤ በትንፋሽ ግን አይደለም። ትሉ የሚኖረው ከልቧ ወደ ሳንባዋ በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ነው፤ ደም ቶሎ እንዳይረጋም ያደርጋል። እጮቹን በሳል ወደ ጉሮሮዋ አውጥታ ትውጣቸዋለች፣ ከእዳሪዋ ጋር ይወጣሉ፣ ቀንድ አውጣ ይበላቸዋል። ያንን ቀንድ አውጣ የበላ ውሻ ይታመማል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው እዚህ ላይ ተሳሳትሽ፣ የኔ ዶክተር። ብሪና ቀንድ አውጣ አትነካም። ሳጥኔን ማን የሚጠብቅልኝ መሰለሽ?»

እኛ ለምግብ ከጫካ የለቀምነውን ቀንድ አውጣ ድስት ውስጥ ከመጨመራችን በፊት ሆዱ እንዲጠራ ሳምንት ያህል ፉርሽካ እየሰጠን በሳጥን እናቆየዋለን። ሰኮንዶ ሳጥኑን ከአይጥ ለመጠበቅ ብለው የሚያስቀምጡት ከውሻዋ ቤት ውስጥ ነው።

«እስቲ እንየው» አለች ዴልፊና። እኔም ተከተልኋቸው።

ብሪና ጭራዋን እየቆላች ተቀበለችን፤ መሃል ላይ ግን ሳል አቋረጣት። ዴልፊና የመኝታዋን ገለባ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የደቀቀ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሞልቷል። የሳጥኑም ክዳን ጥጉ ተቦጭቋል።

«ዘበኛዬ» አሏት ሰኮንዶ ውሻቸውን። «ለካ ደመወዝሽን ራስሽ ታነሺ ኖሯል።»

«አይቆጧት። ምሳዋን አጠገቧ ያኖሩት እርስዎ ነዎት።»

«አባቴም እዚሁ ነበር የሚያኖረው።»

«የአያቴ ውሾች በምን ሞቱ?»

ሽማግሌው ከገለባው ላይ ተቀመጡ። «በሳል» አሉ፣ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ትድንልኛለች?»

«የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት ልኮላታል፤ ዛሬውኑ ከጀመርን ተስፋ አለ። ቅርጫቱን ግን ለኔ ይስጡኝ፣ በአግባቡ ይወገድ። መርዙን ከቀበሮ ቀድሞ የጎረቤት ውሻ ያገኘዋል። ያቺ ቀበሮ ብትሞትም ጉድጓዷን ሌላ ይወርሰዋል፤ ጫካው ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎችም እጩን እንደያዙ ይኖራሉ።»

ሰኮንዶ ቅርጫቱን ሰጧት። ልማድን መተው በሰባ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ለብሪና ያላቸው ፍቅር ግን ከልማዱ በለጠ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ብሪና ሳል የሚባል ሳይሰማባት ኮረብታውን ወጣች። ሽማግሌውም ከቅዳሴ በኋላ ባልንጀሮቻቸውን በር ላይ እያስቆሙ፣ ሳጥኑን ውሻ ከማይደርስበት ምድር ቤት እንዲሰቅሉ፣ የውሻ ውኃ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት ማታ ማታ ወደ ቤት እንዲያስገቡ፣ እዳሪውንም እንዲያነሱ ይመክራሉ። አንዱ፣ «ይህን ደግሞ ከየት ተማርኸው?» ቢላቸው፣ «ከብሪና» አሉት።

ሰው ሁሉ ሲበተን ወደኔ ጠጋ አሉ። «ጸሎቱን አቋረጥኸው እንዴ?»

«አላቋረጥሁም።»

«እንግዲያው የታችኛዋን ቀበሮም ጨምርልኝ። ትናንት ስታስል ሰማኋት። እሷ እንደሁ መድኃኒት የምታመጣላት የእህት ልጅ የላትም።»