መሃሉ የጠፋ መጽሐፍ

(አዲስ አበባ፣ አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት፤ ጡረተኛው የታሪክ መምህር ጋሽ ወንድይራድ፣ ራሳቸው የተረጎሙትን የአውሮፓ ሥልጣኔ ታሪክ የመጨረሻ የማረሚያ ቅጂ ይዘው የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ናሁሠናይ ፊት ቆመዋል።)

ወንድይራድ፦ ሮም ወደቀች ይላል። ገጹን ስገልጥ ፍሎረንስ ላይ ሠዓሊው ብሩሹን አንስቷል! መሃል ያለውን ሺህ ዓመት ጅብ በላው?

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ።

ወንድይራድ፦ አልቀመጥም! ምዕራፌን አምጣ።

ናሁሠናይ፦ ቆረጥነው። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ሰዉ የሚፈልገው የግሪክን ፈላስፎችና የሮምን ጦር ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሥዕሉን፣ ሐውልቱን። መሃሉንማ ፈረንጆቹ ራሳቸው "የጨለማ ዘመን" ብለውት የለም እንዴ?

ወንድይራድ፦ ጨለማ ከሆነ የአቴናን መጻሕፍት ለፍሎረንስ ማን አደረሰ? በፖስታ ነው የሄዱት?

ናሁሠናይ፦ ማን አደረሰ ታዲያ?

ወንድይራድ፦ ይኸው! ሳያነብ ነው የሚቆርጠው! መነኮሳቱ ናቸዋ፣ በብርድ ጣታቸው እየደነዘዘ ሲገለብጡ የኖሩት። የባግዳድ ሰዎች ናቸው የግሪኩን ወደ ዐረብኛ የመለሱት፤ ስፔን፣ ቶሌዶ ላይ ደግሞ ከዐረብኛው ወደ ላቲን። የብዙዎቹን ስም ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንተ ደግሞ የቀረቻቸውን አንዲት ምዕራፍ ወሰድክባቸው።

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ ኅትመቱ ነገ ይጀመራል። የምርቃቱ አዳራሽ ተይዟል፣ የጥሪ ካርዱ ተበትኗል። በሁለተኛው እትም እንጨምረዋለን።

ወንድይራድ፦ ሁለተኛውን እትም ማን ያየዋል? ዓይኔ እየሄደ ነው እኮ ልጄ።

ናሁሠናይ፦ እኔስ? ይህ መጽሐፍ ካልተሸጠልኝ በሬን ነው የምዘጋው! ምን ላድርግ ይሉኛል?

ወንድይራድ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ናሁሠናይ፦ ኤጭ! ተረት ወረቀት አይገዛልኝም።

ወንድይራድ፦ እሺ። በራፍህ ላይ ያለው ሰሌዳ ምን ይላል?

ናሁሠናይ፦ አሁን ደግሞ ሰሌዳው ምን አደረገ?

ወንድይራድ፦ አንብብልኝ፤ ዓይኔ አይለየውም አልኩህ።

ናሁሠናይ፦ "በአቶ ኃይለልዑል ተመሠረተ። በልጃቸው በናሁሠናይ እንደገና ታደሰ።"

ወንድይራድ፦ መሃሉስ?

ናሁሠናይ፦ መሃሉ ምን አለው? በደርግ ጊዜ አባዬ ታሰረ፣ ማተሚያ ቤቱ ታሸገ፣ አንዲት ወረቀት አልታተመም። አለቀ።

ወንድይራድ፦ ትንሿ የእጅ ማተሚያስ? አባትህ ሲፈታ ሥራ የጀመረባት? በምን ተአምር ሳትዝግ ቆየች?

ናሁሠናይ፦ እማዬ ናት ያቆየቻት።

ወንድይራድ፦ እንዴት አድርጋ?

ናሁሠናይ፦ ያውቁት የለ? ሳሎን አስቀምጣ፣ ዳንቴል አልብሳ፣ ላይዋ ላይ ብርጭቆ ደርድራ። ለመጣው ሁሉ "ቡፌ ናት" ትላለች። እኔም አባዬ እስኪመጣ ቡፌ ነበር የምትመስለኝ።

ወንድይራድ፦ እናንተን አስተኝታ በኑግ ዘይት ታሻት ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች። ብረቷ ተጣብቆ እንዳትቀር ያለ ወረቀት ባዶዋን ታሽከረክራታለች። ማተሚያ ደብቃ ብትያዝ ምን እንደሚጠብቃት ታውቅ ነበር እኮ!

ናሁሠናይ፦ ጋሼ፣ ነገር አያጣምሙብኝ። ይሄ ከመጽሐፉ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንድይራድ፦ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ምርቃቱ ላይ እናትህ ትመጣለች አይደል?

ናሁሠናይ፦ ቀድማ አንብባው ነው የምትመጣው። የታተመ ነገር ካየች ሳትጨርስ መች ታስቀምጣለች?

ወንድይራድ፦ እኔም የጨነቀኝ እሱ ነው። "ወንድይራድ፣ መሃሉ የት ሄደ?" ብትለኝ ምን ልበላት? "ልጅሽ ጨለማ ነው፣ ምንም አልተሠራበትም ብሎ ቆረጠው" ልበላት?

ናሁሠናይ፦ እሷን ምን አመጣት አሁን!

ወንድይራድ፦ ንገረኛ። ምን ልበላት?

ናሁሠናይ፦ ምዕራፍዎ መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ያውጡት። እዚያው አጠገቡ መፍቻ አለ፣ እሱንም ያቀብሉኝ፤ መጀመሪያ ሰሌዳው ይውረድ፤ የሱም መሃል ጎድሏል።