የካይሮ ገና

በኛ ገና ዕለት ጠዋት፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ በሃቫና ስትሪት አውቶቡስ ላይ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«ካይሮ ሳለሁ ሙስሊም ቤት ነበር የምሠራው። ገና ሲደርስ ‹በዓልሽ ነው፣ ሂጂ› ይሉኝ ነበር።»

«እዚያ ገና ይከበራል እንዴ?»

«በኛው ቀን ነዋ፣ ጋሼ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ይዘጋል። እዚህ የክርስቲያን አገር መጥቼ ተከለከልኩ።»

«ፈቃድ አልጠየቅሽም?»

«ጠየቅኩ እንጂ። በፈረንጆቹ ገና ሁሉም ኦፍ ሲወጣ ሆቴሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሱፐርቫይዘሩ ግን ‹ገና እኮ አልፏል› አለኝ።»

«ፈረንጅ የኛን በዓል ምን ያውቃል፣ ልጄ።»

«የምን ፈረንጅ? አበሻ ነው።»

«ታዲያ እሱስ ዛሬ ገብቷል?»

«እሱማ ኦፍ ወጥቷል። ሌሊቱን ሲያስቀድስ አድሮ አሁን ዶሮውን ይበላል።»

እኔም በበዓሉ ሥራ እየገባሁ ነበርና፣ ከውስጥ የለበስኩት የሥራ ልብስ እንዳይታይ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ሳብኩት።