ከታናሹ ይጀመር

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ክረምቱ አልፎ የእንጦጦ ዳገት ጭቃው ሲደርቅ፣ ዶክተር ሠረቀብርሃን እሑድ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ። በዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስን ሒሳብ እስከ ዶክትሬት የተማሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ይህም ሲነገርላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ከባሕር ዛፉ መካከል ብቅ ያለውን ወጣት ሲያዩ ግን መንገድ ሊቀይሩ ዳዳቸው። በዳዳ ነው፤ የካ ተወልዶ ያደገ፣ ቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን ረዳታቸው። በየሳምንቱ እየተሰበሰብን ያላለቀ ሥራችንን እንተያይ፣ የምርምር ቡድን እናቋቁም ብሎ ቢለምናቸው፣ ጥሬ ሥራ ለሰው አይቀርብም ብለው አሳፍረው መልሰውታል።

እጅ ነስቶ አብሯቸው ወረደ። ነገሩን እንዳያነሳባቸው ቀድመው ወሬ ጀመሩ፤ ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ጥቂት ቤት ጠይቆ የሕዝቡን ሁኔታ ስለ መገመት የጻፉትን ጥናት ነገ ወደ ውጭ አገር መጽሔት እንደሚልኩት ነገሩት። በዳዳ እርምጃውን ገታ።

«ምነው ቆምክ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶክተር፣ አይላኩት። የጥናቱ ቀመር ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም እንደማይገናኝ ቆጥሮ የተሠራ ነው። እኛ ሰፈር ግን ጎን ለጎን የሚኖሩት ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ቤት ኩፍኝ ከገባ ሁሉም ዘንድ ይገባል። ብዙ ቤት የጠየቅን ሲመስለን የጠየቅነው ጥቂት ዘመድ ነው።»

ዶክተሩ በልባቸው አወጡ፣ አወረዱ። የልጁ ነገር እውነት ሆነባቸው።

«መቼ አየኸው?»

«አምና፣ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት።»

«ጥያቄ አለ ወይ ብዬ የለም እንዴ?»

«ብለዋል። ስሕተቱን ያየነው ብዙ ነበርን፤ ግን ሁላችንም ገብቶናል አልን። ታላቅ ሰው የተናገረውን ማረም ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እየተሰበሰብን እንተያይ ያልኩት ለዚህ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ሰውን ገደል ሲገባ እያዩ በአክብሮት ዝም ማለት ምን ዓይነት ጨዋነት ነው? ዶክተሩን ከቀመሩ ስሕተት ይልቅ ያ ሁሉ ተማሪ እያወቀ ራሱን ሲነቀንቅላቸው መክረሙ አንገበገባቸው። ቢሆንም እጅ መስጠት ከበዳቸው፤ በልጆች ፊት ስሕተቴ ከተገለጠ ማን ያከብረኛል ሲሉ ተከራከሩ።

«አባትዎ ዳኛ እንደነበሩ አጫውተውናል» አለ በዳዳ። «በችሎት አስተያየት መስጠት ከማን ይጀመር ነበር?»

«ከታናሹ ነዋ። ታላቁ ከቀደመ ሌላው ፈርቶ እሱኑ ይከተላላ…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

«ታዲያ በዚህ አባትዎን ማን ናቃቸው?»

ዳገቱን ወርደው ሲጨርሱ ዶክተሩ ጥናቱን እንደማይልኩት፣ ስብሰባውንም እንደሚጀምሩ ተናገሩ። በሳምንቱ ሦስት መምህራንና ጥቂት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ቀመሩን ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከሁሉ ታናሽ ፈትለወርቅ የምትባል ተማሪ ነበረችና ተነሺና ጀምሪ አሏት። እንደ ፈራች፣ በዳዳም ያላየውን ሌላ ስሕተት አሳየቻቸው።

ከዚያ ወዲህ የዚያ የትምህርት ክፍል ሰው ሥራ ባዕድ አገር ከመሄዱ በፊት እዚሁ ይታረማል፤ ወጣቱም ብቻውን ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሥራ ፍለጋ አይሄድም፤ ስለ ሕዝቡ የሚነገረውም ቁጥር ሕዝቡን መምሰል ጀምሯል። በዚያች ቀን ግን ለዶክተሩ ይህ ሁሉ አልታያቸውም። ልጅቷን ቀና ብለው ማየት እንኳ አቅቷቸው፣ ወደ ሰሌዳው እንደ ዞሩ «ልክ ነሽ» አሏት፤ በማስተማር ዘመናቸው ለተማሪ ይህን ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር።